የ50 ሚሊሜትር ኪዩብ ልክ

50 ሚሊሜትር ኪዩብ ድቡልቡል ቢሆን ወገቡ 4.6 ሚሊሜትር ይመጣል። አንዲት የማሽላ ፍሬ ያህል ነው። ሳንባ ውስጥ ይህን የምታህል ጠጣር ነገር ስትገኝ ሐኪሞች ኖጁል ይሏታል። አብዛኛውን ጊዜ የዳነ ቁስል ጠባሳ ናት፤ ወይም እዚያው ሳንባ ውስጥ የተሸጎጠች የሊምፍ ዕጢ። አልፎ አልፎ ግን ገና የጀመረ ካንሰር ናት። በዚህ መጠን ላይ ሳሉ ሁሉም ይመሳሰላሉ። በመርፌ ወግቶ ናሙና ለመውሰድ ታንሳለች። ደረት ከፍቶ ለማውጣት ደግሞ በቂ ምክንያት የለም።

ኔልሰን የተባለው የኔዘርላንድስና የቤልጂየም ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ይህችን ፍሬ ምን እናድርጋት ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ ነው የተነሣው። አትንኳት፤ ለኳት፤ ጠብቁ፤ እንደገና ለኳት። ሲነገር ቀላል ነው። ሥራው ያለው "ለኳት" የሚለው ላይ ነው።

በተቀራራቢ ጊዜ በአሜሪካ የተሠራ ሌላ ትልቅ ጥናት አለ። ከ2002 እስከ 2004 በ33 ማዕከላት 53,454 ሰዎች ተመዘገቡ። ገሚሱ በየዓመቱ ለሦስት ዙር ጨረሩ አነስተኛ በሆነ ሲቲ ስካን ታየ፣ ገሚሱ በደረት ራጅ። ውጤቱ በ2011 ታተመ፤ በሲቲ ስካን በኩል በሳንባ ካንሰር የሞተው ሰው በ20 ከመቶ ያነሰ ነበር። ይህን የሚያህል ማስረጃ ከዚያ በፊት አልነበረም። መለኪያው ግን እንደ ድምዳሜው የጠራ አይደለም። ስፋቷ 4 ሚሊሜትር የሞላ ኖጁል ሁሉ አጠራጣሪ ተባለች። በዚህ ልክ ከተያዙት አጠራጣሪ የሲቲ ስካን ውጤቶች 96.4 ከመቶው ካንሰር ሆኖ አልተገኘም። ከእያንዳንዱ ጀርባ ደግሞ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ሰው አለ።

ኔልሰኖች ማስመሪያውን ትተው ይዘትን መለካት መረጡ። ምርጫው ለምን ቁም ነገር እንደሆነ ለማየት ትንሽ ስሌት ይበቃል። ወገቧ 5 ሚሊሜትር የሆነች ኖጁል በይዘት እጥፍ ብታድግ ወገቧ 6.3 ሚሊሜትር ይሆናል። እጥፍ ያደገች ነገር በማስመሪያ ሲያዩዋት 1.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው የጨመረችው። በይዘት አንድ አራተኛ ብታድግ ደግሞ ወገቧ 5.4 ነው። የጨመረችው 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ማለት ነው።

አሁን ይህን ቁጥር ከምስሉ ጋር እናስተያየው። አንድ የሲቲ ስካን ምስል 512 በ512 ነጥብ ነው። 35 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ደረት ለዚህ ሲካፈል አንዷ ነጥብ 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ትሆናለች። የምንፈልገው ዕድገት ከአንዲት ነጥብ ያንሳል ማለት ነው። በሁለት ጫፍ መካከል ማስመሪያ የሚዘረጋ ሰው ይህን ሊያይ አይችልም፤ ዓይኑ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን። ይዘቷን በሚቆጥር ሰው ዘንድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያቺው የ5 ሚሊሜትር ኖጁል 65 ሚሊሜትር ኪዩብ ገደማ ትይዛለች፤ ይህም ወደ 200 የሚጠጉ ትንንሽ የምስል ኪዩቦች ነው። አንድ አራተኛ ስታድግ 50 ኪዩብ ይጨመራል። ወገቧ ላይ ያልታየው ዕድገት ሲቆጠር ተገኘ።

ቆጠራው እንዲያምር ግን ምስሉ መጀመሪያ ለቆጠራ ተብሎ መነሣት አለበት። ኔልሰን ላይ ጊዜ ወስዶ የሚያይ ሰው ጥንቃቄውን እዚህ ያገኘዋል። ምስሉ በ1 ሚሊሜትር ውፍረት ይቆረጣል፤ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ቀጣዩ ያለው እርምጃ ግን 0.7 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር በ0.3 ሚሊሜትር ይደራረባል። ትንሿ ነገር በሁለት ቁራጮች መካከል ሾልካ አታመልጥም። የራጁ ጉልበት በሰውየው ክብደት ይመጠናል፤ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ከ80 እስከ 90 ኪሎቮልት፣ ከ50 እስከ 80 ኪሎ 120፣ ከዚያ በላይ 140። የሚወስደው ጨረር በዚሁ ቅደም ተከተል ከ0.4፣ ከ0.8 እና ከ1.6 ሚሊሲቨርት በታች እንዲሆን ተወሰነ። በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ የለም። ሰውየው በደንብ ይስባል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ አለቀ። በደንብ ይሳብ የተባለው ሳንባው ተነፍቶ ሁሉም ነገር እንዲዘረዘር ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያንኑ ያህል መሳብ አለበት።

ከዚያ ኖጁሏ በሶፍትዌር ከሳንባው ትለያለች። በሲቲ ስካን መለኪያ ውኃ ዜሮ ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1,000። አየር የሞላው ሳንባ ከዜሮ በታች 850 ገደማ ላይ ይወድቃል። ጠጣር ሥጋ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ይላል። ሶፍትዌሩ ድንበሩን የሚያሰምረው ከዜሮ በታች 400 ላይ ነው። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ በሳንባውና በሥጋው መካከል ግማሽ መንገድ ነው። የኖጁሏን ጠርዝ የሚነካ ኪዩብ ገሚሱ አየር ገሚሱ ሥጋ ነውና ድንበሩ መሃል ላይ ሲሰመር ወደ ውስጥ የሚገቡትና ወደ ውጭ የሚቀሩት ይመጣጠናሉ። ድንበሩን ወደ አንዱ ወገን ቢገፉት ኖጁሏ ሳታድግ ያደገች፣ ወይም ሳትቀንስ የቀነሰች ትመስላለች።

ራዲዮሎጂስቱ ውጤቱን ዓይቶ የደም ሥር ተጣብቆ ገብቶ እንደሆነ ያስወግዳል። ከሳንባው ሽፋን ጋር የተጣበቀች ኖጁል ስትሆን ደግሞ ሶፍትዌሩ ኖጁሏ የት አልቃ የደረቱ ግድግዳ የት እንደሚጀምር አያውቅም። ጥናቱ እዚህ ላይ ግትር አልሆነም። ለነዚህ ብቻ ወደ ማስመሪያው ተመለሰ፤ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር የሆኑትን በስፋታቸው መደበ። መሣሪያው የማይሠራበትን ቦታ ለይቶ ያወቀ ባለሙያ ነው ይህን የሚጽፍ።

የሥራው ልብ ግን 25 ከመቶ የሚለው ቁጥር ነው። ኖጁል አደገች የሚባለው ይዘቷ ቢያንስ በ25 ከመቶ ሲጨምር ነው። ለምን 10 አልሆነም? ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወርዶ ወዲያው ተመልሶ የተኛ ሰው ሁለቴ ምስል ቢነሣ ያችው ኖጁል ሁለት ቁጥር ትሰጣለች። ትንፋሹ ትንሽ ይለያል፣ አተኛኘቱ ይለያል፣ ቁራጮቹ ኖጁሏን የሚያገኟት በሌላ ቦታ ነው። ይህ ልዩነት እስከ አንድ አራተኛ ሊጠጋ እንደሚችል በዚሁ መንገድ ሁለቴ ባነሷቸው ሕመምተኞች ላይ ታይቷል። በደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ ካንሰር አያድግም። እንግዲህ ከ25 በታች ያለው የመሣሪያው የራሱ መንቀጥቀጥ ነው። ጥናቱ ልኩን ከመንቀጥቀጡ በላይ አስቀመጠና ከዚያ በታች ላለው ነገር ሁሉ ስም ከመስጠት ተቆጠበ። እኔ በዚህ ጥናት ላይ ከሟቾቹ ቁጥር ቀጥሎ ደጋግሜ የማነበው ይህን አንድ መስመር ነው።

ሕጉ ከዚህ በኋላ አጭር ነው። ከ50 ሚሊሜትር ኪዩብ በታች የሆነች ትታለፋለች፤ ባለቤቷ ለቀጣዩ ዙር ይመጣል። ከ500 በላይ የሆነች፣ ወገቧ ወደ 10 ሚሊሜትር የተጠጋች፣ ወደ ሳንባ ሐኪም ትላካለች። በመካከሉ ያለችው ሦስት ወር ትጠበቃለች። በመጀመሪያው ዙር 7,557 ሰዎች ታዩ። 79.2 ከመቶው ነጻ ሆነ፣ 1.6 ከመቶው በቀጥታ አጠራጣሪ ተባለ፣ 19.2 ከመቶው መካከል ላይ ቀረ። ሌላ ጥናት ቢሆን ይህ 19 ከመቶ ከአጠራጣሪዎቹ ጋር ይደመር ነበር። እዚህ ግን ሦስት ወር ጠብቀው እንደገና ሲለኳቸው ከሁሉም ሰው አጠራጣሪ ሆኖ የቀረው 2.6 ከመቶ ብቻ ሆነ። የቀሩት ኖጁሎች አላደጉም። ለዚህ ውጤት መርፌም ምላጭም አላስፈለገም።

በኋለኞቹ ዙሮች አደገች ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በምን ፍጥነት የሚለው ይጨመራል። ይዘቷ እጥፍ ለመሆን የሚወስድባት ቀን ይሰላል። ዛሬ 100 ሚሊሜትር ኪዩብ የነበረች ከዓመት በኋላ 200 ብትሆን እጥፍ የሆነችው በ365 ቀን ነው። 160 ብትሆን ስሌቱ 538 ቀን ይሰጣል። 125 ብትሆን ከ1,100 ቀን ያልፋል። ከ400 ቀን በታች የሆነችው ወደ ሐኪም ትላካለች፤ ከ400 እስከ 600 ያለችው ትጠበቃለች፤ ከ600 በላይ የሆነችው ለዚያ ዙር ትተዋለች። ሦስቱም ኖጁሎች አድገዋል፤ ሦስቱም የተለያየ መልስ አገኙ። ይህ ስሌት በ2015 ወደ ብሪታንያ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ገብቷል፤ የመጀመሪያውን ልክ ግን ወደ 80 ሚሊሜትር ኪዩብ ከፍ አድርገውታል።

ተሳታፊዎቹን የማግኘቱ ሥራ እንደ መለኪያው የጠራ አይደለም። ከ600 ሺህ በላይ ለሆኑ ሰዎች መጠይቅ በፖስታ ተላከ፤ በቀን ከ15 ሲጋራ በላይ ከ25 ዓመት በላይ፣ ወይም ከ10 በላይ ከ30 ዓመት በላይ ያጨሱ ተለዩ፤ አሁንም የሚያጨሱ፣ ወይም ካቆሙ 10 ዓመት ያላለፋቸው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን በግሮኒንገን፣ በዩትሬክት፣ በሃርለምና በሉቨን ምርመራ ያገኛል፣ ሌላው ምንም። እስከዚህ ድረስ እንከን የለውም። ወንዶቹ 13,195፣ ሴቶቹ ግን 2,594 ብቻ ናቸው። በ10 ዓመት ክትትል በወንዶቹ በሳንባ ካንሰር መሞት በ24 ከመቶ ቀነሰ። በሴቶቹ የተገኘው ከዚያም የተሻለ ነበር፤ ቁጥራቸው ግን ስላነሰ ነገሩን አጥብቆ ለመናገር አያስችልም። ልኬቱ ላይ ይህን ያህል የተጠበበ ጥናት የሴቶቹን ቁጥር እንዲህ ጎደሎ አድርጎ መተዉ ያስቆጫል። ከመጨረሻው ምርመራ በፊት የተተወው የ2 ዓመት ተኩል ክፍተትም ረዝሟል፤ በዚያ መሃል ራሱን ያሳወቀ ካንሰር ነበር። በሁሉም ምክንያት የሞቱት ሲቆጠሩ ደግሞ በሁለቱ ወገን ልዩነት አልታየም። በ2020 የታተመው ጽሑፍ ይህን አልሸሸገም።

ይህን ልክ እንዳለ ወደ እኛ አገር ማምጣት አይቻልም። ቲቢ በየቤቱ ያለፈበት ሕዝብ ሳንባ ጠባሳ ይበዛዋል። ካልሲየም የያዘውን ጠባሳ ሲቲ ስካን ወዲያው ይለየዋል፤ ካልሲየም ያልያዘውን ግን አይለይም። ያ 19 ከመቶ እዚህ ከፍ ማለቱ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ጠብቆ መለካት የሚለው ሐሳብ ግን እንዲያውም ለእኛ የሚስማማ ይመስለኛል። የቆየ ጠባሳ አያድግም። በሳምንታት ውስጥ እጥፍ የምትሆን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካንሰር ሳትሆን ኢንፌክሽን ናት። ችግሩ ሐሳቡ ላይ አይደለም፤ ያንኑ ሰው በሦስተኛው ወር በዚያው ማሽን፣ በዚያው ውፍረት፣ በዚያው ትንፋሽ መልሶ ማስተኛቱ ላይ ነው።

ኖጁሏ ካንሰር ሆና ከተገኘች ጥያቄው ወደ ቀዶ ሕክምናው ይዞራል፦ ምን ያህል እንቁረጥ? ቀኙ ሳንባ ሎብ የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት፣ ግራው ሁለት። ለብዙ አሠርት ዓመታት ሙሉ ሎቡን ማውጣት ደንብ ነበር፤ በ1995 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ትንሽ የቆረጡት ዘንድ ካንሰሩ በቦታው የመመለሱ ነገር መጨመሩን ስላሳየ። ግን እያንዳንዱ ሎብ በውስጡ ሴግመንት በሚባሉ ቁርጥራጮች የተሠራ ነው። የእያንዳንዱ ሴግመንት የአየር ቧንቧና ደም ቅዳ ጎን ለጎን በመሃሉ ይገባሉ። ደም መልሱ ግን በመሃል አይሄድም፤ በሁለት ሴግመንቶች ወሰን ላይ ነው የሚወርደው። ይህ አሠራር ለሰርጅን ወለል ብሎ የተሰመረ ወሰን ይሰጣል ቢባልም ወሰኑ ከላይ ሲያዩት አይታይም። የሳንባው ገጽ አንድ ወጥ ነው።

ዛሬ ብዙ ሰርጅኖች ወሰኑን የሚያወጡት እንዲህ ነው። የሚቆረጠውን ሴግመንት ደም ቅዳ መጀመሪያ ያስራሉ። ከዚያ ኢንዶሳያኒን ግሪን የተባለ ቀለም በክንድ ደም ሥር ይሰጣል። በሴኮንዶች ውስጥ ደም ወደሚደርሰው ሳንባ ሁሉ ይገባል፤ የታሰረው ሴግመንት ግን ደም አይደርሰውም። ከቀይ ብርሃን ወዲያ ያለውን በሚያይ ካሜራ ሲመለከቱት የቀረው ሳንባ ያበራል፣ የሚወጣው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ቀጭን ነው፤ ግን አይቆይም። ስለዚህ ሰርጅኑ ቶሎ ብሎ በኤሌክትሪክ መተኮሻ ጫፍ ገጹን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ምልክት ያኖራል። ምልክቱ ካለቀ በኋላ ቀለሙ ቢጠፋም ግድ የለም። በዕጢውና በመቁረጫው መካከል 2 ሴንቲሜትር፣ ወይም ቢያንስ የዕጢውን ወገብ ያህል ጤነኛ ሳንባ እንዲተርፍ ይደረጋል።

በጃፓን በ70 ሆስፒታሎች ከ2009 እስከ 2014 በ1,106 ሕመምተኞች ላይ የተሠራው ጥናት ሴግመንት ብቻ ማውጣትን ሙሉ ሎብ ከማውጣት ጋር አነጻጸረ። ዕጢያቸው 2 ሴንቲሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ብቻ ነው የገቡት። በ2022 የታተመው ውጤት ደጋግሞ የሚነበብ ነው። ሴግመንት ብቻ ከወጣላቸው ዘንድ ካንሰሩ በቦታው የተመለሰው በ10.5 ከመቶው ነው፤ ሎብ ከወጣላቸው ዘንድ በ5.4 ከመቶው። ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ግን ከፊተኞቹ 94.3 ከመቶ፣ ከኋለኞቹ 91.1 ከመቶ ናቸው። ካንሰሩ የበለጠ የተመለሰባቸው የበለጠ ኖሩ። ሎብ ከወጣላቸው መካከል በሌላ በሽታ የሞተው በዝቷል። ከዓመት በኋላ የተለካው የትንፋሽ አቅም ልዩነት 3.5 ከመቶ ብቻ ነበር፤ አጥኚዎቹ ከጠበቁት ያነሰ። የኑሮውን ብልጫ ይህ ትንሽ ልዩነት ብቻውን ያስረዳል ብዬ አላምንም። ቁጥሮቹ ግን ተጠንቅቀው የተለኩ ናቸው፤ ያልገባን ነገር እንዳለ በግልጽ ያሳያሉ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማገገሙ ማሽን በሌለበትም ይለካል። መለኪያው የስድስት ደቂቃ እርምጃ ይባላል፤ የሚለካው ሰውየው በዚያ ጊዜ የተራመደው ርቀት ነው፤ ደንቡን የአሜሪካ ቶራሲክ (የደረት) ማኅበር በ2002 አወጣው። 30 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ኮሪደር ያስፈልጋል። ወለሉ በየ3 ሜትሩ ምልክት ይደረግበታል፤ በሁለቱ ጫፍ ደማቅ ኮን ይቆማል። ደርሶ መልስ 60 ሜትር ነው። ኮሪደሩ ቢያጥር ሰውየው መዞር ይበዛበታል፤ የተራመደው ርቀትም ይቀንሳል። መርማሪው አብሮት አይራመድም፤ አብሮ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ያስይዛል። በየደቂቃው የሚባለው የማበረታቻ ቃል እንኳ ተወስኖ ተጽፏል፦ ጥሩ እየሄዱ ነው፣ ይህን ያህል ደቂቃ ቀርቶዎታል የሚል ዓይነት። ከዚያ ያለፈ አይባልም፤ ድምፅም አይለዋወጥም። በርታ በርታ ባይ መርማሪ ያለው ሆስፒታል ከሌላው የተሻለ ያገገመ እንዳይመስል ነው። ሰውየው ቢደክመው ቆሞ ግድግዳ ተደግፎ ሊያርፍ ይችላል፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም።

እዚህም መሣሪያው የራሱ መንቀጥቀጥ አለው። ያው ሰው በተለያየ ቀን የተለያየ ርቀት ይሄዳል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲሞክረውም መንገዱን ስለለመደው ይጨምራል። ስለዚህ ሙከራው ሲደገም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይታረፋል፤ ከሁለቱ የበለጠው ይመዘገባል። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ለውጥ አለ የሚባለው ልዩነቱ 30 ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው፤ የኮሪደሩ አንድ ርዝመት ማለት ነው። 15 ሜትር የጨመረ ሕመምተኛ ደስ ሊለው ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ገና ባለበት ነው።